ሞተር አስነስቼ የምገዛ ሰው ፍየል ሳላልብ ገዛሁ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ጓሮ እርባታ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ያነበብኩት ዘግይቼ ነው። ጋዜጣው ካንዴላ ተጠቅልሎበት ወደ ሱቄ ሲመጣ። ጽሑፉ ጥሩ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ግን ከነከነኝ። ጤናማ የወተት ፍየል መርጣችሁ ግዙ ይልና ቀጥታ ወደ በረት አሠራር ይገባል። እንዴት ነው የሚመረጠው? እኔ ይህን ለመማር 9 ሺህ ብር ከፍያለሁ፤ ሌላው በነፃ ይማር ብዬ ነው የምጽፈው።

ሥራዬ የጀልባ ሞተር ጥገና ነው። ቤቴ ባሕር ዳር፣ ሰባታሚት ነው። ጓሮው ለአትክልት ይበቃል፣ ለላም ግን አይበቃም። ባለቤቴ ለልጅ ልጆቻችን በየቀኑ ወተት መግዛት ሲሰለቻት ፍየል እንያዝ አልን። ሰፈሩ ሳቀብን። እኛ ጋ ፍየል የምትታወቀው በጥብስ ነው፤ ወተቷን የሚጠጣ ሰው እምብዛም የለም። ሳቁን እንኳን ችለነው ነበር። የጎዳን ሌላ ነገር ነው፦ ገበያ ይዘነው የወረድነው ዓይን የሥጋ ዓይን ነው።

ቅዳሜ ገበያ አንዲት ቀይ ዳማ ፍየል አየሁ። ፀጉሯ ያብረቀርቃል። እንደ ማንኛውም የበዓል ሸማች እጄን ሽንጧ ላይ አሳረፍኩ፤ ሞልቷል። ጎኗን ጨበጥ አደረግሁ፤ ሞልቷል። ሻጩ «መንታ ነው የምትወልደው» አለኝ። የወተቷን ነገር ስጠይቀው «ኧረ ወተትማ!» ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ከፍዬ ባጃጅ ላይ ጫንኳት።

ጎረቤታችን ከዋግ ኽምራ፣ ከአበርገሌ ወገን የመጡ እናት ናቸው። የፍየል ወተት ጠጥተው ነው ያደጉት። ማታ መጥተው ፍየሏን ዞሯት። ሽንጧን ዞር ብለው አላዩትም። ከኋላዋ ቁጢጥ አሉና ግቷን በሁለት እጃቸው ያዙ። ቀኙን ለስለስ አድርገው ጨመቁት፤ ግራውን ሲነኩት ፊታቸው ተለወጠ። «እጅህን አምጣ» አሉኝ። ነካሁት። ውስጡ እንደ ድንች የሆነ ጠንካራ ነገር አለ። ከጡቱ ጫፍ ስንት ጊዜ ታግለው ጠብ ያደረጉት መዳፋቸው ላይ ወደቀ፤ ቢጫ ውኃ፣ መሃሉ የተቆራረጠ አይብ መሳይ። የቀኙ ግት ደግሞ በማግሥቱ ጠዋት አንድ የቡና ስኒ ሞላ። አንድ ስኒ!

«አንተ ልጅ፣ ሞተር ስትገዛ ቀለሙን አይተህ ነው እንዴ?» አሉኝ።

አፈርኩ። ሞተር አስነስቼ፣ ጭሱን አይቼ፣ ድምፁን አዳምጬ ነው የምገዛው። ያቺ ፍየል ለፋሲካ ሄደች። ስለ እሷ ሌላ የምለው የለኝም።

ሁለተኛዋን እማማ ናቸው ያስገዙኝ። የመጀመሪያ ትእዛዛቸው ከገበያ አትግዛ የሚል ነበር። ጥሩ ታላቢ ያለው ሰው ቶሎ አይሸጣትም፤ ገበያ የወጣችው በሆነ ምክንያት ነው። ደግሞ ገበያ ላይ ግቷ ተወጥሮ ብታዩ ከዋዜማው ሳትታለብ ቀርታ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በመሸንቲ መንገድ አንድ ቤት ሄድን፤ ሁለት ቀን፣ ሁለቱንም ጠዋት፣ ፊታችን ታለበች። ከታለበች በኋላ ግቷ እንደ ባዶ ከረጢት ሟሸሸ። እማማ የፈለጉት ይህንን ነው። ትልቅ ሆኖ ታልቦም የማይጎድል ግት ሥጋ ነው፣ ወተት አይደለም። እናቷም እዚያው ነበረችና እሷንም አየናት።

ጥርሷን እኔ ቆጠርኩ። ፍየል የፊት ጥርስ ያላት ከታች ብቻ ነው፣ 8። በዓመት ከመንፈቅ ገደማ መሃል ያሉት ሁለቱ ተነቅለው ትልልቅ ይተካሉ፤ ከዚያ በየዓመቱ ግድም ሁለት ሁለት እያለ ይሄዳል። የእኛዋ አራት ትልልቅ ነበሯት፤ አንዴ ወልዳለች። ለጀማሪ ይህ ይመረጣል። ያልወለደችን መግዛት «ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ» እንደሚባለው ነው፤ ወተቷን ሳታዩ ዓመት ትቀልባላችሁ።

ለጣና ዳር ሰው ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። የታችኛውን የዓይኗን ቆብ ገልጣችሁ እዩ። ደም የመሰለ ቀይ ከሆነ ጥሩ ነው። ከነጣ ትል ደሟን እየጨረሰ ሊሆን ይችላል። ሐይቁ ሸሽቶ በሚተወው ረግረግ ላይ የሚግጡ ከብቶች የጉበት ትል ይይዛቸዋል፤ ትሉ ከቀንድ አውጣ ነው የሚነሣው። አገጭ ሥር ውኃ የቋጠረ እብጠት ካያችሁ ዋጋ አትጠይቁ፣ እለፉ። የእኔዎቹ ረግረግ አይረግጡም። ሳስባንያ የሚባለውን የመኖ ዛፍ ከአጥር እየቆረጥን፣ ፉርሽካና ትንሽ ፋጉሎ እያከልን እቤት እናበላቸዋለን። የጫት ገረባ የሚሰጡ አሉ፤ እኔ መድኃኒት እንደሚረጭበት ስለማውቅ አልደፈርኩም። እምቦጭም አቅርቤላቸው ነበር። አሽትተው ተዉት።

የእኔዎቹ ማለቴ ሁለት ስለሆኑ ነው። ብቻዋን ያለች ፍየል ሌሊቱን ስትጮኽ ታድራለች፤ ጎረቤት ከመጣላት ሁለተኛ መግዛት ይረክሳል።

ሳነን፣ ቶገንበርግ የሚባሉትን የውጭ ዝርያዎች ግዙ የሚሉኝ አሉ። በአገራቸው በቀን ብዙ ሊትር ይሰጣሉ፤ አልክድም። ግን 40 ፈረስ ጉልበት ሞተር ገዝቶ ቤንዚን የሚያጣ ጀልባ ነጂ አይቼ አውቃለሁ። መኖው ሳይዘጋጅ ዝርያ ማሰብ ያው ነው። የአገር ፍየል ግማሽ ሊትር ብትሰጥ ለሁለት ሕፃን አያንስም፤ አንድ ሊትር ከሰጠች ምርጥ ናት። ብቻ ሳይፈላ አይጠጣ፤ ከሚያስወርዳቸው በሽታ ወደ ሰው የሚሻገር አለና። ቅቤ ካሰባችሁ ተዉት። ባለቤቴ ግማሽ ቀን ቅል ስትንጥ ዋለች፣ ጠብ አላለም፤ ክሬሙ እንደ ላም ወተት ቶሎ ተለይቶ አይንሳፈፍም። አይቡ ግን ግሩም ነው።

በጽሑፋችሁ ጨርሶ ያልተነሣው ጾም ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ወተቱ ምን ይሁን? እኛ እንዲህ አሰብን። ፍየል የምታረግዘው 5 ወር ግድም ነው። መስከረም መጨረሻ ከአውራ ጋር የተገናኘች የካቲት መጨረሻ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጾሙ ከገባ በኋላ ትወልዳለች። ጾሙን ግልገሎቹ ይጠባሉ፤ ከፋሲካ በኋላ እነሱ ቅጠል ሲለምዱ እኛ ማለብ እንጀምራለን። ዘንድሮ ሠርቶልናል።

ችግሬ አውራው ፍየል ነው። ጠረኑ ወተቱ ላይ እንዳያርፍ ከታላቢዎቹ ጋር አላስቀምጠውም፤ ለሁለት ፍየል ብሎ ዓመቱን ሙሉ መቀለብም አያዋጣም። እናቱ ጥሩ ታላቢ የሆነች አውራ በሰባታሚት ወይም በዘንዘልማ በኩል ያለው አንባቢ ካለ፣ ለመስከረም መጨረሻ ሁለት ሳምንት ቢያውሰኝ ሞተሩን በነፃ እፈትሽለታለሁ። ሞተር ከሌለው የውኃ ፓምፕም እሠራለሁ።

ሞተር ጠጋኙ አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር