ፐርዝን «ለጨዋታው እንግዳ» ያላችኋት ከየት አምጥታችሁ ነው?

ውድ አዘጋጅ፣

ስለ አውስትራሊያ ራግቢ ሊግ የፍጻሜ ጨዋታና ወደ ሊጉ ስለሚገቡት አዳዲስ ከተሞች ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩት። መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎኝ ነበር። ስለዚህ ጨዋታ በአማርኛ የሚጽፍ ተገኘ ብዬ ለባለቤቴ ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። የተጫዋቾቹን ስም ማጣመማችሁን አልፌዋለሁ፤ እዚህ አገር የኔንም ስም አስተካክሎ የሚጠራ የለም። ከዚያ ስለ ፐርዝ የጻፋችሁት ላይ ደረስኩ። «ለጨዋታው እንግዳ የሆነች ከተማ» ይላል። ቀጥሎም ሲድኒ ላይ 80 ሺህ ሰው የሚሰበስበው ሊግ ፐርዝ ሲሄድ ባዶ ወንበር እንዳይጠብቀው ይሰጋል። ባለቤቴ «ቀጥል እንጂ» አለችኝ። አልቀጠልኩም።

የምኖረው በምዕራብ አውስትራሊያዋ ፐርዝ ነው። ልጄ ይህንን «እንግዳ» ጨዋታ ይጫወታል። እኔም የስታዲየም በር ላይ ቆሜ የሰው ትኬት ስካን እያደረግኩ ሠርቻለሁ። ስለዚህ ወንበሩ ባዶ ይሁን ሙሉ ከቢሯችሁ ሆኖ ከገመተው ሰው ይልቅ እኔ ትንሽ ሳልቀርብ አልቀርም።

እስቲ ቀስ ብለን እንየው። እ.ኤ.አ. በ1995 ሊጉ አራት አዳዲስ ቡድኖችን በአንዴ አስገባ። አንዱ የኒውዚላንዱ ኦክላንድ ዋሪየርስ ነው። ሁለቱ ከኩዊንስላንድ መጡ። አራተኛው ዌስተርን ሬድስ ይባላል፣ የፐርዝ ቡድን ነው። የመጀመሪያ ጨዋታውን ዋካ በሚባለው የክሪኬት ሜዳ ከሲድኒው ሴንት ጆርጅ ጋር አድርጎ አሸነፈ። ያን ቀን የገባው ተመልካች ወደ 25 ሺህ ይጠጋል። እንግዲህ ከ30 ዓመት በፊት 25 ሺህ ሰው አውቆት ወጥቶ ያየው ጨዋታ ነው ዛሬ ለከተማዋ እንግዳ የሆነው። ጋዜጠኛችሁ በዚያን ጊዜ ተወልዶ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ መፈለጊያ ሳጥን ላይ ሁለት ቃል ለመጻፍ ግን ዕድሜ አይጠይቅም።

ቡድኑ ታዲያ የት ሄደ ካላችሁ፣ ሰው ጠፍቶ አይደለም የሞተው። እንግዳ ቡድን ወደ ፐርዝ ሲመጣ የአውሮፕላኑንና የሆቴሉን ወጪ ራሱ ሬድስ እንዲሸፍን ነበር የተደረገው። ከሲድኒ ፐርዝ በአየር 3,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በየሁለት ሳምንቱ የሌላ ሰው ቡድን በራስህ ኪስ እያመጣህ፣ እያሳደርክ፣ እያበላህ ትሸኛለህ ማለት ነው። የሀበሻ እንግዳ አቀባበል እንኳ እዚህ ድረስ አይሄድም። በዚህ ላይ የሚዲያ ባለሀብቶቹ በቴሌቪዥን መብት ተጣልተው ሊጉን ለሁለት ሰነጠቁት። በ1997 ሁለት የተለያዩ ውድድሮች ጎን ለጎን ተካሄዱ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሬድስ ተዘጋ። ዝሆኖች ሲጣሉ የተጎዳው ሣር ፐርዝ ነበረች፣ ይኸው ነው።

እናንተ ያላወቃችሁት ደግሞ ከዚህ ይቀጥላል። በ1998 ሜልበርን ስቶርም የሚባል አዲስ ቡድን ሲቋቋም ከፈረሰው ሬድስ ተጫዋቾችን ወሰደ፤ ሮድኒ ሃው፣ ሮቢ ኬርንስ፣ ማት ጋየር። ስቶርም በሁለተኛ ዓመቱ፣ በ1999፣ ዋንጫ በላ። በዕረፍት ሰዓት 14 ለ 0 ሲመራ የነበረው ቡድን ሴንት ጆርጅ ኢላዋራ ነበር፣ 20 ለ 18 ያለቀው ግን ለስቶርም ነው። ያን ቀን ሲድኒ ኦሎምፒክ ስታዲየም የገባው ሰው 107,999 ነው። በዚህ አገር የራግቢ ሊግ የፍጻሜ ታሪክ ከዚያ የበለጠ ሕዝብ ገብቶ አያውቅም። በዚያ ሕዝብ ፊት ከፐርዝ የሄደው ጋየር ይጫወት ነበር። ስለዚህ የፍጻሜ ተመልካች ቁጥር እየጠራችሁ ፐርዝን ስታሳንሱ፣ የምትጠሩት ቁጥር ውስጥ ራሷ ፐርዝ አለችበት።

አሁን ወደ ባዶ ወንበራችሁ ልምጣ። በ2019 ስቴት ኦፍ ኦሪጅን የሚባለው የኩዊንስላንድና የኒው ሳውዝ ዌልስ ፍልሚያ አንዱ ጨዋታ ፐርዝ መጣ። ልብ በሉ፣ ሁለቱም ቡድኖች የኛ አይደሉም። የገባው ሰው 59,721 ነው። ስታዲየሙ የሚይዘው 60 ሺህ ገደማ ነው። በ2022 ተመለሱ፣ በ2025 እንደገና መጡ፣ ሕዝቡም እንደገና መጣ። እኔ የመጀመሪያው ላይ በር ላይ ነበርኩ። ከባቡር ጣቢያው የሚፈሰው ሰው አያልቅም። ግማሹ ፊቱን ሰማያዊ ተቀብቷል፣ ግማሹ ቡናማ ቀይ ዊግ አድርጓል። ስካነሬ በብርዱ ይሁን በሥራ ብዛት ተንተፍትፎ ቆመ። ሰልፉ ኋላ ድረስ ተቆለለ፣ አለቃዬ በሬዲዮ ይጮህብኛል። ፊቴ የቆሙ አንድ ሽማግሌ ግን ምንም አልቸኮሉም። የጃኬታቸውን ዚፕ ወደ ታች ሳብ አድርገው ከውስጥ የለበሱትን አሳዩኝ። የድሮ የሬድስ ማሊያ ነው። ደረቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ተሰነጣጥቆ ግማሹ ረግፏል። «ይመለሳሉ» አሉኝ፣ እኔን የሊጉ ፕሬዚዳንት ያደረጉኝ ይመስል። ለእኚህ ሰውዬ ነው ጋዜጠኛችሁ ጨዋታውን ሊያስተዋውቃቸው የተነሳው።

ደግሞስ የምን ማወዳደር ነው? የሲድኒው 80 ሺህ በዓመት አንድ ቀን የሚመጣ ነው። የፍጻሜው ጨዋታ ከ1999 ጀምሮ በየዓመቱ እዚያው ስታዲየም ይደረጋል፤ በኮቪድ ምክንያት ብሪዝበን ከሄደበት ከ2021 በስተቀር። ያኔ በነበረው ገደብ የገባው 39 ሺህ ገደማ ነው። በእናንተ ስሌት ብሪዝበንም ራግቢ አታውቅም ማለት ነው! አዲሱ የፐርዝ ቡድን የሚጫወትበት ኤችቢኤፍ ፓርክ የሚይዘው 20 ሺህ ገደማ ሰው ነው። ሃያ ሺህ በሚይዝ ሜዳ ሰማንያ ሺህ አልገባም ብሎ መውቀስ የሚቻለው በእናንተ ገጽ ላይ ብቻ ነው።

ሲድኒስ ቢሆን? ከፍጻሜው በፊት ባሉት የጥሎ ማለፍ ሳምንታት ያለውን ቁጥር ለምን አልጻፋችሁም? በ2017 ማንሊና ፔንሪዝ፣ ሁለቱም የሲድኒ ቡድኖች፣ እዚያው ሲድኒ ሲገናኙ የመጣው 15 ሺህ ገደማ ነበር። የተሸነፈ በሚሰናበትበት ጨዋታ ላይ እንኳ! ማንም ግን ተነስቶ ሲድኒ ለጨዋታው እንግዳ ናት አላለም። በአንጻሩ በ2025 ብሪዝበን ብሮንኮስ ለፍጻሜ ለማለፍ ከፔንሪዝ ሲጫወት የብሪዝበኑ ሜዳ ከ50 ሺህ በላይ ሰው ይዞ ነበር። ልዩነቱን አያችሁት? ሲድኒ ውስጥ ዘጠኝ ቡድን አንድ ከተማ ላይ ተጨናንቆ ተመልካች ይሻማል። ከተማ ጥቂት ቡድን ብቻ ሲይዝ ሌላ ነው። ሊጉ ወደ አዲስ ከተማ የሚሄድበት ምክንያትም ከዚህ ይጀምራል፣ ዘገባችሁ ግን አንድ መስመር አልሰጠውም።

ሌላው ምክንያት ሰዓት ነው። ፐርዝ ከሲድኒ በሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ናት፣ በበጋ በሦስት። እኛ ጋ ገና ሲመሽ የተጀመረ ጨዋታ እዚያ ሰው እራቱን በልቶ ሶፋው ላይ ሲጋደም ይደርሳል። ለቴሌቪዥን ሰዎች ይህ ወርቅ ነው። ለኛ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ የፍጻሜውን ጨዋታ እነሱ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ሲያዩት እኛ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል፣ ፀሐይ በመስኮት ገብታ ቴሌቪዥኑን እያደበዘዘችው፣ መጋረጃ ዘግተን ነው የምናየው።

ጥርጣሬ አይነሳ አልልም። ፐርዝ የፉቲ፣ ማለትም የአውስትራሊያ እግር ኳስ፣ ከተማ ናት። የፉቲ ቡድኖቹ ዌስት ኮስት ኢግልስና ፍሪማንትል ዶከርስ የሰዉን ልብ ከያዙ ቆይተዋል። አዲሱ ቡድን ፐርዝ ቤርስ፣ የፐርዝ ድቦች፣ መባሉም ያላስደሰታቸው አሉ። ድቡ ከሲድኒ የተዋሰ ነው፤ በ1908 ሊጉ ሲጀመር የነበረው፣ በ1999 ብቻውን መወዳደር ያቆመው ኖርዝ ሲድኒ ቤርስ ስሙንና ቀይና ጥቁር ቀለሙን አመጣ። እኔ ራሴ ሬድስ ቢባል እመርጥ ነበር። ቡድኑ በ2027 አሥራ ስምንተኛ ሆኖ ሲገባ በመጀመሪያው ዓመት ሊደቆስ ይችላል፣ አሠልጣኙ ስመ ጥሩው የቀድሞ ተጫዋች ማል ሜኒንጋ ቢሆንም። የክልሉ መንግሥት ገንዘብ እንደሚያፈስበት ስለገባው ቃልም የሚያጉረመርም ግብር ከፋይ አለ፣ መብቱ ነው። ይህን ይህንን ብትጽፉ ማን ይናገራችሁ ነበር? ጥርጣሬያችሁን ግን በሕዝቡ ላይ ጣላችሁት፣ በማይገባው ላይ።

ፓፑዋ ኒው ጊኒን ደግሞ በሁለት መስመር ጨረሳችኋት። በ2028 አሥራ ዘጠነኛው ቡድን ከፖርት ሞርስቢ ይገባል። የአውስትራሊያ መንግሥት ለቡድኑና ለአካባቢው ራግቢ ልማት በአሥር ዓመት ውስጥ 600 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር መድቧል፤ ከሁለቱ አገሮች የጸጥታ ስምምነት ጋር የተሳሰረ ጉዳይ ነው። ራግቢ ሊግ ብሔራዊ ስፖርታቸው የሆነ ሕዝብ ነው። ያ የ1999 ዋንጫ ላይ በክንፍ የተጫወተው ማርከስ ባይ የነሱ ልጅ ነው። እሱም «እንግዳ» ሳይሆን አይቀርም።

አሁን የውስጤን ልናገር። እናንተ ስለ አውስትራሊያ ስትጽፉ ሁሌም ሜልበርን ነው። ፉትስክሬይ አዲስ ምግብ ቤት ሲከፈት እናነባለን። ሜልበርን ላይ በዓል ሲከበር ፎቶው ይወጣል። እኛ ሚራቡካ፣ ባልጋ፣ ግራዊን ተበትነን የምንኖረው ግን ቤተ ክርስቲያን ብንሠራ፣ ዕድር ብናቋቁም፣ ልጆቻችን ዋንጫ ቢያመጡ ማን አየን? ከዚህ በፊት የልጆቹን ቡድን ፎቶ ከነጽሑፉ ወደ ዝግጅት ክፍላችሁ ልኬ ነበር። መልስ አልመጣም። ምናልባት ደብዳቤዬም በሲድኒ ሰዓት ደርሶ ይሆናል። እና አሁን ስለ ፐርዝ ስትጽፉ ያየሁት የመጀመሪያው ነገር፣ እዚህ ሰው እንደሌለ የሚናገር ሆነ።

ሰው አለ። ልጄ የተመዘገበው ከክፍሉ ጓደኛው ጋር ሄዶ ነው፤ ጓደኛው ማኦሪ ነው። እዚህ ከኒውዚላንድ የመጣ ቤተሰብ ብዙ ነው። ለማዕድን ሥራ ከብሪዝበንና ከሲድኒ የመጣውም ጨዋታውን ይዞት መጥቷል። ቅዳሜ ጠዋት ሜዳው ጠርዝ ላይ ብትቆሙ የአፍ መከላከያውን አውጥቶ ካልሲው ውስጥ የሚወሽቅ ልጅ፣ ከኋላው «ኧረ አፈር ነክቶታል፣ እጠበው!» ብላ የምትጮህ ሀበሻ እናት ታያላችሁ። እሷ ባለቤቴ ናት። መጀመሪያ «ልጄን ሊሰብሩት ነው» ብላ አንድ ወር አኩርፋኝ ነበር። አሁን ዳኛው ላይ በአማርኛ የምትጮኸው እሷ ናት። ዳኛው አንድ ቀን ትርጉሙን ቢጠይቀኝ ምን እንደምለው እስካሁን አላውቅም።

ስለዚህ የምጠይቀው ቀላል ነው። እርማት አውጡ። ዌስተርን ሬድስ ከ1995 እስከ 1997 ነበር ብላችሁ ጻፉ። 59,721ንም ጻፉ። ዘገባው በወጣበት ቦታ ይውጣ እንጂ ማንም በማያየው ጥግ አትወሽቁት።

እርማቱን ስታወጡ ፎቶውንም ቀይሩት። ሁለት ሰዎች ጓደኛቸውን በቁምጣው ይዘው ወደ ሰማይ የሚያነሱበት ምስል የራግቢ ዩኒየን ነው። እሱ አሥራ አምስት ሰው የሚሰለፍበት ሌላ ጨዋታ ነው። የኛው አሥራ ሦስት ነው፣ ማንም ማንንም አያነሳም። ፎቶ ከቸገራችሁ የልጆቹን እልካለሁ፤ ያኛው አሁንም ስልኬ ላይ አለ።

አንባቢያችሁ፣ ከፐርዝ