ለእታለም፣ ወደ ሐዋሳ

ውድ እታለም፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ስንት ዓመት ተጠፋፍተን ቆይተን ያ ረጅም መልእክትሽ ሲመጣ መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ አንብቤ ስጨርስ ግን አለቀስኩ። ኤች አይ ቪ ይዞኛል ብለሽ እየፈራሽ፣ ኔጋቲቭ ነሽ ስትባዪም ደጋግመሽ እየተመረመርሽ፣ ይህን ሁሉ ለብቻሽ ስትችይው መክረምሽ አንጀቴን በላው። ለምን ዝም እንዳልሽ አሁን ገብቶኛል። ቅር አላለኝም።

መጀመሪያ እንደ ነርስ ላውራሽ። ጤና ጣቢያ ተቀምጬ ስንቱን እንደመረመርኩ ታውቂያለሽ። ከጣት በሚወሰድ ደም የሚሠራው ፈጣን ምርመራ የሚፈልገው ሰውነታችን ቫይረሱን ለመከላከል የሚያመርተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። እሱ በምርመራ እስኪታይ ከ23 እስከ 90 ቀን ሊወስድ ይችላል። ዊንዶው ፔሬድ የምንለው ይህን ጊዜ ነው። አንቺ ደግሞ ባልሽ በጎን ሌላ ሴት እንዳለችው አውቀሽ ቤቱን ጥለሽ ከወጣሽ 90ው ቀን ካለፈ ቆየ። ከዚያ በኋላ ተመርምረሽ ኔጋቲቭ ነሽ ከተባልሽ፣ ነሽ። አለቀ። ሌላ ክሊኒክ፣ ሌላ ሰፈር፣ ስም ቀይሮ መመርመር ምንም አይጨምርልሽም። «የኔ ደም ግን ከሰው የተለየ ቢሆንስ?» ብለሽኛል። እዚህ ወንበር ላይ ተጨንቆ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ ይህንኑ ነው የሚለኝ።

የመመርመሪያ ኪቱን ፎቶ አንስተሽ፣ ሌሊት በስልክሽ እያጎላሽ ቫይረሱ አለ የሚያሰኘውን ሁለተኛ መስመር እንደምትፈልጊ ጽፈሽልኛል። ኪት የሚነበበው በተወሰነለት ደቂቃ ውስጥ ነው፣ የሚያነበውም የሠለጠነ ባለሙያ ነው። በደከመ ዓይን፣ በሌሊት፣ በፎቶ አይነበብም። እባክሽ ፎቶውን አጥፊው። ዛሬ።

ላቡ፣ ተቅማጡ፣ ክብደት መቀነሱ ግን የፈጠራ ነው አልልሽም። በትክክል እያመመሽ ነው። የጭንቀት ሕመም ሆድ ያውካል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ሌሊት ያስነሳል፣ ያልባል። አንገትሽ ሥር ያለውን ንፍፊት ቀኑን ሙሉ ስትነካኪው ደግሞ ሊያምሽ ይችላል። ሲያምሽ ትደነግጫለሽ፣ ስትደነግጪ እንደገና ትነኪዋለሽ።

ከሁሉ በላይ የከነከነኝ የልጅሽ ነገር ነው። ብርጭቆና ማንኪያሽን ለይተሽ ማስቀመጥሽ፣ ስትስምሽ ፊትሽን ማዞርሽ። እታለም፣ ቫይረሱ በደሙ ያለበት ሰው እንኳ በብርጭቆ፣ በመሳም፣ ከአንድ መሶብ በመብላት ለልጁ አያስተላልፍም። እኔ ጋ መድኃኒት የሚወስዱ እናቶች አሉ፣ ልጆቻቸውን በእጃቸው ያጎርሳሉ። መድኃኒቱን በአግባቡ ወስደው ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ የወረደላቸው ደግሞ በግንኙነት እንኳ ወደ ሌላ ሰው አያስተላልፉም። መድኃኒቱ በአገራችን በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። እኛ ግን ልጆች ሆነን የራስ ቅል የተሳለበት ፖስተር እያየን፣ የጎረቤት ለቅሶ እየሰማን ነው ያደግነው። ሳይንሱ ተራምዷል፣ ፍርሃታችን እዚያው ቀርቷል።

አንድ ነገር ልበልሽ፣ እንዳትቀየሚኝ። የምታምኚው ሰው ነው የከዳሽ። በአንድ ቀን ቤትሽ ተናጋ። ስለዚህ ደም መርማሪውንም፣ ወረቀቱንም፣ የገዛ ሰውነትሽንም ማመን ከበደሽ። ይመስለኛል ሌሊት የሚያስነሳሽ ቫይረሱ ሳይሆን ይህ ነው። በላብራቶሪ የሚመረመር ነገር ደግሞ አይደለም። ስለ እሱ በመልእክትሽ ውስጥ ሁለት መስመር ብቻ ነው የጻፍሽው። ስለ ምርመራው ግን ገጽ ሙሉ።

እንግዲህ ምርመራው እንደ ሱስ ሆኖብሻል። ውጤቱን ስታይ ትንሽ ትረጋጊያለሽ፣ ከዚያ ይመለስብሻል። አዲስ ለቫይረሱ የሚያጋልጥ ነገር እስካልገጠመሽ ድረስ ከእንግዲህ አትመርመሪ። «ልሂድ፣ ልሂድ» ሲልሽ ወዲያው አትታዘዢው። ትንሽ ቆዪ፣ ከልጅሽ ጋር ውጪ፣ እህትሽ ጋ ሂጂ። ጭንቀቱ መጀመሪያ ይብስበታል፣ ሳትነኪው ስትቀሪ ግን እየበረደ ይሄዳል። ሌሊት ስለ ምልክት ማንበብም ይቅርብሽ።

ፀበሉን ቀጥይ፣ እኔ አልከለክልሽም። ግን የሥነ ልቦና ወይም የአእምሮ ሐኪም ዘንድም ሂጂ። ይህ የሚታከም ሕመም ነው፤ በምክር የሚታከም አለ፣ መድኃኒት የሚጨመርለትም አለ። «አበደች ይሉኛል» እንደምትዪ አውቃለሁ። ይበሉ! የስኳር ሐኪም ዘንድ ለመሄድ ማንንም አታስፈቅጂም ነበር። ሞትን የምትመኚበት ሌሊት ከመጣ ደግሞ እስኪነጋ አትጠብቂ፣ እህትሽን ቀስቅሺና በቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ሂዱ። ለእኔም ደውይልኝ፣ በየትኛውም ሰዓት።

ለእህትሽ ንገሪያት። ሁሉንም ባይሆን እንኳ እንቅልፍ ማጣትሽን። ብቻሽን ወደ ሐኪም ለመሄድ ከከበደሽ እኔ ፈቃድ ወስጄ እመጣለሁ፣ ደሴና ሐዋሳ ሩቅ ነው ብዬ አልቀርም። ቅዳሜ ማታ ልደውል ነው፣ አንሺ። እስከዚያ ከልጅሽ ጋር በአንድ ሰሃን ብሉ።

የምትወድሽ ጓደኛሽ፣
ከደሴ