ባለ ወፍጮዋ እናትሽ የምትልሽ

ይድረስ ለልጄ፤ ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከፋብሪካው ለቀሽ ባሕር ዳር ላይ በራስሽ ስም የሥራ ቦታ ደኅንነትና የቤት ውስጥ አየር አማካሪ ለመሆን ማሰብሽን አባትሽ ሲሰማ «ደመወዟን ትታ አየር ልትሸጥ ነው?» አለ። እንዲህ ይበል እንጂ ለጎረቤቱ ሁሉ በኩራት አውርቶ ጨርሷል። እኔን የጠየቅሽኝ ግን ባለ ድርጅቶች ይከፍሉኝ ይሆን ወይ ብለሽ ነው። ወፍጮ ቤትም ድርጅት ነው፤ ግብር እከፍልበታለሁ። ስለዚህ ከከፋዩ ወገን ሆኜ ልንገርሽ።

ባለቤት ማንም ሰው ሲመጣበት መጀመሪያ የሚያስበው «ይኼ ስንት ያስወጣኝ ይሆን?» ብሎ ነው። ተቆጣጣሪ ሲመጣ ይፈራል፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 የአሠሪን ግዴታ ዘርዝሮ አስቀምጧል። አንቺ ግን ተቆጣጣሪ አይደለሽም፤ የምታሽጊው በር፣ የምትጥዪው ቅጣት የለሽም። ያለሽ ነገር መደመጥ ብቻ ነው። ሕጉን አትጥቀሺ አልልሽም፤ መጀመሪያ አትጥቀሺው። በአንቀጽ ያስፈራራሽው ባለቤት ሪፖርትሽን በፈገግታ ተቀብሎ መሳቢያ ውስጥ ይቆልፍበታል።

ጭምብል ይዘሽም አትግቢ። ባለቤት ጭምብል ይወዳል፤ ርካሽ ነው፣ ለጎብኚ ይታያል፣ ጥፋቱንም ወደ ሠራተኛው ያዞርለታል፤ «እኔ ሰጥቻለሁ፣ አላደርግ ያለው እሱ ነው»። ቅደም ተከተሉን ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ፦ አደጋውን ማስወገድ፣ ካልሆነ ጉዳቱ ባነሰ ነገር መተካት፣ ቀጥሎ ከምንጩ መግታት፣ ከዚያ አሠራሩን መለወጥ፣ ጭምብል መጨረሻ። በከተማችን ግን ከመጨረሻው ተጀምሮ እዚያው ይቀራል።

ለጥምቀት የመጣሽ ጊዜ ያደረግሽውን ልብ ብለሽው እንደሆነ አላውቅም። መሣሪያሽን አውጥተሽ የአሜሪካ የሙያው ባለሙያዎች ለዱቄት ብናኝ ያስቀመጡት ወሰን በሜትር ኩብ 0.5 ሚሊ ግራም ነው ስትዪኝ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሐሳቤ ጤፍ የሚያስፈጩት ሴትዮ ላይ ነበር። ቀጥለሽ ግን መውረጃው ሥር ቁጢጥ ብለሽ ዱቄቱ ሲወርድ ተመለከትሽ። ከመውረጃው አፍ እስከ ጆንያው ድረስ ባዶ አየር ላይ ይወድቃል፤ የሚቦነው እዚያ ነው። ሠራተኛችን ደግሞ ዱቄቱ እንዲጠቀጠቅለት ጆንያውን ሲያርገፈግፈው ደመናው ቀጥ ብሎ ፊቱ ላይ ይወጣል። አቡጀዲ አስመጥተሽ እንደ እጅጌ ሰፋሽና አንዱን ጫፍ መውረጃው ላይ፣ ሌላውን ጆንያው አፍ ላይ አሰርሽው። ደመናው ቀነሰ። እኔን ያሸነፈኝ ግን ሌላ ነው፦ «ዱቄቴ ጎደለ» የሚለው ጭቅጭቅ ቀነሰ። ግድግዳዬ ላይ ሲለጠፍ የኖረው ዱቄት ለካ የደንበኛ ነበር! እስከዚያ ቀን አክብሬሽ ነበር የማዳምጥሽ፤ ከዚያ በኋላ ግን ማመን ጀመርኩ።

ስለ መጥረጊያውም ልጨምር። ከዚያ በፊት አንድ ባለሙያ መጥቶ «ውኃ እየረጫችሁ ጥረጉ» ብሎ ጽፎልን ነበር። ለሲሚንቶ አቧራ ይሆን ይሆናል፤ ወፍጮ ቤት ውስጥ ግን ሊጥ ነው የሚሆነው። የምትመክሪበትን ሥራ ቆመሽ ሳታዪ አትጻፊ።

ሠራተኛችን ሳሉ ሲጸናበት ጤና ጣቢያ ሄዶ አክታውን ተመረመረ፤ ነቀርሳ የለብህም ተብሎ ሽሮፕ ተሰጠው። በበዓልና በእሑድ እንደሚሻለው፣ በማግስቱ ወፍጮው ሲነሣ እንደሚመለስበት የጠየቀው የለም። እ.ኤ.አ. በ1700 ራማዚኒ የተባለው ጣሊያናዊ ሐኪም በሽተኛን «ሥራህ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ ብሎ ነበር ብለሽ ነግረሽኛል። ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ እኛ ጋ አልደረሰም። አንቺ በገባሽበት ሁሉ ይህን ጠይቂ፤ መሣሪያሽ የማያነበውን ሠራተኛው ይነግርሻል።

መሣሪያውን ካነሣሁ አይቀር፣ ስለ ከፍታው ያልሽኝን አልረሳሁም። የክፍል አየር መታፈኑን የምታዪበት፣ በብርሃን የሚለካው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ ለባሕር ጠለል ተስተካክሎ ከመጣ፣ እዚህ 1,800 ሜትር ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ አንድ አምስተኛ ያህል አሳንሶ ያነባል፤ ከሚሊዮን የአየር እጅ 1,000 የሆነውን 800 ይልሻል። ይህን ሳታስተካክዪ ማንም ቢሮ አትግቢ። እኔ ዘንድ አስፈጪ መጀመሪያ የሚያየው ሚዛኔን ነው፤ ሚዛኔ አንዴ ከተጠረጠረ ወፍጮዬ ምንም ቢያልም ዋጋ የለውም። ያንቺም እንዲሁ ነው።

ሥራ ግን ሞልቷል። ሐይቁ ዳር ያሉትን ሆቴሎች ብቻ ተመልከቺ፤ ክረምት ያበቀለውን ሻጋታ ቀለም ቀብተው ይሸፍኑታል፣ ሽንት ቤት የሚያጥቡት ልጆች በረኪናና አሲድ ቀላቅለው የክሎሪን ጋዝ ይተነፍሳሉ። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩን በር ላይ አስነሥቶ ጭሱን ወደ ሱቁ የሚያስገባው ደግሞ ስንቱ ነው!

ከሁሉ የሚያሰጋኝ የቢሮ ቡና ነው። መስኮት ተዘግቶ፣ ከሰል ተቀጣጥሎ፣ ሁሉም ከቦ ይቀመጣል። «ከሰሉ ደህና ተያይዟል፣ አያጨስም» ይላሉ፤ ጭስ ስለማይታይ ብቻ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለው፤ ደም ላይ ከኦክስጅን ከሁለት መቶ እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ራስ ምታቱን የቡና ሱስ ነው ብለው ሌላ ስኒ ይደግማሉ። ታዲያ ቡናውን አታስከልክዪ፤ ቡና ያስከለከልሽበት ቢሮ ሁለተኛ አይጠራሽም። ጀበናው በረንዳ ላይ ይፍላ፣ ወይም በኤሌክትሪክ ምድጃ ይሁን፤ ቄጤማውና ፈንዲሻው እንዳለ ይቆይላቸው።

አንድ ቀን «ይህችን ቁጥር ከሪፖርቱ ሰርዢልኝ» የሚልሽ ባለቤት ይመጣል። ክፉ ስለሆነ ላይሆን ይችላል፤ ባንክ ወይም የውጭ ገዢ ሪፖርቱን ስለሚያየው ይሆናል። የዚያን ቀን መከራከር አይጠቅምሽም፤ ውሉ ላይ አስቀድመሽ ጻፊው፦ የተለካው እንደተለካ ይጻፋል፣ ውጤቱም ለሠራተኞቹ ይነገራል። መፈረም ያልፈለገውን በሰላም ተሰናበቺው። የፈረመውንም ቢሆን ግማሽ ክፍያ ሳትቀበዪ መሣሪያሽን ከሳጥኑ አታውጪ፤ ሥራው ካለቀ በኋላ ገንዘብ መለመን አንቺንም ሙያሽንም ያዋርዳል።

ወፍጮ ቤቱን እንደ ማንኛውም ደንበኛ መዝግቢው። የበርበሬው ወፍጮ ጩኸት እንዲለካልኝ እፈልጋለሁ፣ ቺንጋው ላይ ያለው መከለያም ጠቧል፤ የአስፈጪዎች ነጠላ እንዳይዝ እሰጋለሁ። ልጅሽ ነኝ ብለሽ በነጻ አትሥሪልኝ። ደረሰኝ ቁረጪልኝ፤ የጆሮ መሸፈኛውንም ዋጋ ለይተሽ ጻፊ፣ በወጪ አስይዘዋለሁ።

እናትሽ