ትልቁን ካሊፐር ቀድመን ለምን እንደማንገጥም

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

በመንገድም በትራክም (በመወዳደሪያ ሜዳ) ለምትነዷቸው ስፖርት መኪኖች፣ የፍሬን ዘይቱና ሸራው ሳይስተካከል ባለ ስድስት ፒስተን ካሊፐር (ሸራውን ከጎማው ጋር በሚዞረው ዲስክ ላይ የሚጨምቀው ክፍል) እና ትልቅ ዲስክ መሸጥ ካቆምን ወዲህ ብዙዎቻችሁ ቅር እንዳላችሁ እናውቃለን። «ገንዘቡም መኪናውም የእኔ ነው፤ እናንተን ምን አገባችሁ?» ያላችሁን አላችሁ። ሌላ ቤት ሄዳችሁ ያስገጠማችሁም አላችሁ። ስላስቀየምናችሁ ይቅርታ እንጠይቃለን። ውሳኔው ግን ይቀጥላል፤ ምክንያቱን በዝርዝር መስማት ደግሞ መብታችሁ ነው።

የፍሬን ሥራ የመኪናውን ጉልበት ወደ ሙቀት መለወጥ ነው። 1,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር እስኪቆም ድረስ ወደ 0.6 ሜጋጁል ሙቀት ያወጣል። ያው መኪና ትራክ ላይ ከ200 ወደ 80 ሲወርድ ሙቀቱ 1.9 ሜጋጁል ይደርሳል፤ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ዲስኩ ሳይበርድም ቀጣዩ ኩርባ ይመጣል። ስለዚህ ትራክ ላይ የሚያጥራችሁ ሙቀት የመቻል አቅም ነው እንጂ የመጭመቅ ጉልበት አይደለም። የፋብሪካው ፍሬን ኤቢኤስ (ጎማው ተቆልፎ እንዳይንሸራተት የሚከላከለው ሥርዓት) እስኪሠራ ድረስ ጎማውን መያዝ ከቻለ፣ ከዚያ በላይ መቆሚያውን የሚወስነው ጎማው ነው። በአንድ ድንገተኛ ረገጣ ትልቅ ካሊፐር ርቀቱን አያሳጥርም። እ.ኤ.አ. በ1953 ጃጓር «ለ ማን» በተባለው የፈረንሳይ የ24 ሰዓት የመኪና ውድድር በዲስክ ፍሬን ሲያሸንፍ፣ ትልቁ ጥቅሙ ከከፍተኛ ፍጥነት ደጋግሞ ሲረገጥ አለመድከሙ ነበር።

«ፍሬኑ እምቢ አለኝ» ብላችሁ ስትመጡ መጀመሪያ የምንጠይቃችሁ ፔዳሉ ምን እንደሆነ ነው። ፔዳሉ ጠንካራ እንደሆነ መኪናው አልቀንስ ካለ፣ ሸራው ከሚችለው ሙቀት አልፏል። ፔዳሉ ለስልሶ ወደ ወለሉ ከወረደ ደግሞ ዘይቱ ፈልቷል፤ ፈሳሽ አይጨመቅም፣ እንፋሎት ግን ይጨመቃል። ሁለቱ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። ካሊፐር መቀየር አንዱንም ከሥሩ አያድንም።

ዘይቱን እናስቀድም። ዶት 4 የሚባለው ተራ የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ እንዲቆይ መስፈርቱ ያዛል። እርጥበት ስለሚስብ ግን በጊዜ ብዛት ይዳከማል፤ ውሃ ለጠጣ ዘይት መስፈርቱ የሚጠይቀው 155 ዲግሪ ብቻ ነው። ለውድድር የተሠሩት ከ300 ዲግሪ በላይ ይችላሉ፤ በምትኩ ቶሎ ቶሎ መቀየር አለባቸው። በሲሊኮን የተሠራውን ዶት 5 ከእነዚህ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፤ ዶት 5.1 ሌላ ነው፣ እሱ ከዶት 4 ጋር ይስማማል። ከዘይቱ መስመር አየር ስታስወጡም ብዙ ፒስተን ያላቸው ካሊፐሮች ከውስጥም ከውጭም ማስወጫ እንዳላቸው አትርሱ። አንዱ ከተረሳ ፔዳሉ ለስላሳ ሆኖ ይቀርና ጥፋቱ ወደ ካሊፐሩ ይዞራል።

ሸራ ላይ ነው ብዙ ክርክር ያለን። የትራክ ሸራ ካልሞቀ በደንብ አይዝም። ጠዋት ከቤት ስትወጡ ልጅ ድንገት መንገድ ቢገባ ያ ሸራ ገና ቀዝቃዛ ነው። በዚያ ላይ ይጮኻል፣ ዲስኩን ይፍቃል፣ ብናኙም ቸርኬውን ይበላል። የመንገድ ሸራ በበኩሉ ትራክ ላይ ከአቅሙ በላይ ሲሞቅ ማጣበቂያው ጋዝ አውጥቶ ይንሸራተታል። በአንድ ሸራ ሁለቱንም ሙሉ በሙሉ ማግኘት አይቻልም። አልፎ አልፎ ትራክ ለሚገባ መኪና መካከለኛውን እንመርጣለን፤ አዘውትሮ ለሚገባ ሁለት ጥንድ ሸራ ይዞ መለዋወጥ ይሻላል። አልቆ ውፍረቱ ከግማሽ በታች የሆነ ሸራ ግን ትራክ አይግባ፤ ሲሳሳ ሙቀቱን ወደ ፒስተኑና ወደ ዘይቱ ያሳልፋል።

አዲስ ሸራ ማላመድ ይፈልጋል። አምራቹ ሌላ ካላዘዘ፣ ባዶ መንገድ ላይ ከ100 ወደ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ስምንት ወይም አሥር ጊዜ እየጠነከረ በሚሄድ ረገጣ አውርዱት፤ ሙሉ በሙሉ አታቁሙት። ከዚያ ፍሬን ሳትነኩ እየነዳችሁ አብርዱት። ሸራው እንደ ጋለ ረግጣችሁ ከቆማችሁ ቁሱን በዲስኩ አንድ ቦታ ላይ ያትማል፣ መሪውም ይንቀጠቀጣል። «ዲስኩ ተጣመመ» ተብለው ከሚመጡልን ብዙዎቹ እንዲህ የታተሙ ናቸው። ከትራክ ስትወጡም የእጅ ፍሬን አትሳቡ፤ ማርሽ አስገብታችሁ ጎማውን ደግፉ።

ቀጥሎ አየር ነው። ከፊት ፓራውልት የሚነሳ ቱቦ አየሩን ወደ ዲስኩ መሐል ማድረስ አለበት፤ በአንድ ፊቱ ላይ ብቻ ከነፋ ዲስኩ እኩል አይበርድም። ዲስክ የምንመርጠውም ፊቱ ላይ ቦይ የተቀረጸበትን ነው። የተበሳው ያምራል፣ ነገር ግን ከቀዳዳው ዳር ስንጥቅ ይነሳል። ፀጉር የመሰለ የላይ ስንጥቅ በክትትል ይታለፋል፤ ጠርዝ ወይም ቀዳዳ የደረሰ ግን ያኔውኑ ይጣል።

ይህ ሁሉ ተሠርቶም ሙቀቱ ካልቀነሰ ትልቁን ዲስክና ካሊፐር ራሳችን እናቀርባለን፤ ተጨማሪ ብረት ማለት ተጨማሪ ሙቀት መያዣ ነውና። ያኔም የፒስተኖቹ ስፋት ለማስተር ሲሊንደሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ካሊፐሩ ለሚገፋው ክፍል) ከበዛበት የፔዳሉ ጉዞ ረጅም ይሆናል። የፊቱ ብቻ ከጎለበተ የኋላው ሥራ ፈትቶ ኤቢኤሱ ቶሎ ይነሳል። ከቸርኬው ጋርም ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ያስፈልጋል፤ ይህን ሳይለኩ የገዙ ሰዎች ቸርኬም ጎማም ለመግዛት ተገደዋል።

አንድ ነገር ደግሞ እንድታውቁልን እንፈልጋለን። ከምንሸጠው ሁሉ ብዙ ትርፍ ያለው ትልቁ ካሊፐር ነው። ኪራዩም ዕቃ ማስመጫውም በጨመረበት ጊዜ ይህን ሽያጭ መግታት ለእንደኛ ዓይነት ትንሽ ቤት ቀላል አይደለም። «ሊያታልሉን ነው» ስትባል ይህች ቤት ታዝናለች፤ የቆመችው እየተመላለሳችሁ ባመናችኋት በእናንተ ነው። የመጀመሪያዎቹ ደንበኞቻችን ዛሬም የሚመጡት ያልፈለጉትን ስላልሸጥንላቸው ይመስለናል። እባካችሁ አንድ የትራክ ቀን ያህል ታገሡን።

ከትራክ በፊት ጎራ በሉ፤ በዲስኩ ጠርዝ ላይ ሙቀት የሚያሳይ ቀለም በነፃ እንቀባለን። አረንጓዴው በ430፣ ብርቱካናማው በ560፣ ቀዩ በ610 ዲግሪ ቀለሙን ይለውጣል። ስትመለሱ የትኞቹ እንደተለወጡ አብረን እናያለን፤ የሸራውንም ውፍረት ከውስጥና ከውጭ እንለካለን። ቀዩ ተለውጦ ካገኘነውና ዘይቱ፣ ሸራውና አየሩ የተስተካከሉ ከሆነ የካሊፐሩን ትዕዛዝ ያኔውኑ እንቀበላለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የፍሬን ክፍሉ ባለቤትና ሠራተኞች