ስልክህ ላይ ያየሁት 20 ሺ

ልጄ፣

እሁድ ቡና ላይ ስልክህን ስታሳየኝ ዝም ያልኩት ስላልገባኝ አይደለም። እናትህ ፊት መጨቃጨቅ አልፈለግኩም። 10 ሺ ዶላር አስገብተሃል፣ ስልኩ «የመግዛት አቅም 20 ሺ» ይልሃል። አንተም «አባዬ፣ 20 ሺ አለኝ» አልከኝ። የለህም። ያለህ 10 ሺ ነው። ሌላው 10 ሺ ብሮከሩ፣ አክሲዮን የሚገዛልህ ድርጅት፣ «ከፈለግክ ላበድርህ» የሚልህ ገንዘብ ነው። ማርጂን የሚሉት ይህንኑ ብድር ነው።

ታክሲዋን የገዛሁበትን ዕቁብ ታስታውሳለህ? ትንሽ ልጅ ነበርክ። የመጀመሪያው ዕጣ ለእኔ ወጣ። ያን ምሽት ሀብታም የሆንኩ መስሎኝ ነበር። «ይሄ እኮ የሰው ገንዘብ ነው» ያለችኝ እናትህ ናት። ከዚያ ሁለት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ጣልኩ። የመኪናዋ ካምቢዮ የተበላሸ ሳምንት የምጥለው አጣሁ። የዕቁቡ ዳኛ ደወለልኝና «አይዞህ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ደርበህ ትጥላለህ» አለኝ።

ማርጂን ላይ እንዲህ ያለ ዳኛ የለም።

በ20 ሺው አክሲዮን ገዛህ እንበል። ዋጋው 20 በመቶ ቢወርድ 16 ሺ ይሆናል። ዕዳህ ግን ንቅንቅ አይልም፣ ያው 10 ሺ ነው። ለአንተ የሚቀርህ 6 ሺ ነው። አክሲዮኑ የወረደው 20 በመቶ፣ አንተ የከሰርከው 40 በመቶ! ሌቨሬጅ የሚሉት ይኸው ነው። ሲወጣም እጥፍ ያተርፋል፤ እሱን ግን ጓደኞችህ በደንብ ነግረውሃል። ወለዱም አለ፤ አክሲዮኑ ወጣ ወረደ በየቀኑ ይቆጥራል።

ግማሹን ከራስህ አምጣ የሚለው የፌዴራል ሪዘርቭ፣ የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ፣ ደንብ ነው። ከ1974 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እንደዚያው ነው። ከ1929ኙ የአሜሪካ አክሲዮን ገበያ ውድቀት በፊት 10 በመቶ ብቻ ከፍለው የሚገዙ ነበሩ፤ ገበያው ትንሽ ሲንሸራተት ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ታዲያ ይህ ግማሽ የሚጠየቀው ስትገዛ ነው። ከዚያ በኋላ የአንተ ድርሻ ከአክሲዮኑ ዋጋ ከ25 በመቶ በታች መውረድ የለበትም። ብሮከሩ ከዚህ በላይ መጠየቅ ይችላል፣ ብዙዎቹም ይጠይቃሉ። በ25 ከሆነ አክሲዮንህ ከ13,333 ዶላር ሲወርድ ማርጂን ኮል ይመጣል፣ ጉድለቱን ሙላ ትባላለህ። 40 ካሉህ ግን ገና 16,667 ላይ ነው። ይኸ 17 በመቶ የማይሞላ መውረድ ነው። አንድ ኩባንያ መጥፎ ሪፖርት ሲያወጣ በአንድ ጠዋት የሚሆን ነገር ነው።

ከሁሉም ያስደነገጠኝ የመጨረሻው ነው። ብሮከሩ ሳይደውልልህ አክሲዮንህን መሸጥ ይችላል። የትኛው ይሸጥ ብለህ መምረጥ መብትህ አይደለም። ተጨማሪ ቀን ስጡኝ ማለትም እንደዚያው። የሚጠይቀውን መቶኛ አስቀድሞ ሳይነግርህ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ሽጦ ካልበቃው ቀሪውን ከኪስህ ትከፍላለህ። ይህ ሁሉ አንተ ሳታነበው «እስማማለሁ» ባልከው ውል ውስጥ አለ።

እኔ ብሆን ማርጂኑን አዘግቼ በ10 ሺው ብቻ እገዛ ነበር። አንተ ግን ትልቅ ሰው ነህ። ብቻ እሁድ ስትመጣ ያንን ውል አትመህ አምጣልኝ፣ በስልክ ማንበብ ዓይኔን ያመኛል። የያዝከው አክሲዮን ላይ ስንት በመቶ እንደሚጠይቁህም ደውለህ ጠይቅ።

አባትህ