መጽሐፍ አርጥባለች ተብላ የውጤት ካርዷ ስለተያዘባት ተማሪ ለትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ

ጉዳዩ፦ በጽሕፈት ቤትዎ ምላሽ ያላገኘ አቤቱታን ይመለከታል

ክቡር ኃላፊ፣

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው በርዎን ሳላንኳኳ ቀርቼ አይደለም። ጉዳዩን መጀመሪያ ለትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር በቃል፣ ቀጥሎም በጽሑፍ አቅርቤያለሁ። እርሳቸው «መመሪያው ከላይ የመጣ ስለሆነ እኛ ምንም ማድረግ አንችልም» ብለው ወደ እርስዎ መሩኝ። የእርስዎ ጽሕፈት ቤት ደግሞ ማመልከቻዬን ተቀብሎ፣ ቁጥር ሰጥቶ፣ «በትምህርት ቤቱ በኩል ይታይ» የሚል ማስታወሻ ከግርጌው አስፍሮ ወደተነሣበት መለሰው። ሁለታችሁ ጣት ስትቀሳሰሩ የትምህርት ዘመኑ እየተገባደደ ስለሆነ፣ ነገሩን ሌላውም ሰው እንዲያውቀው መርጫለሁ።

ከልጄ ጋር ሦስተኛ ክፍል የምትማር አንዲት ልጅ ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት አንድ የተረት መጽሐፍ ተዋሰች። ከመማሪያ መጻሕፍት በቀር በቤታቸው ሌላ የሚነበብ ነገር የለም። ማታ ማታ ለታናሽ ወንድሟ ጮክ ብላ እያነበበችለት፣ በእረፍት ሰዓትም ከልጄ ጋር እየተቀባበለች መጽሐፉን ደጋግማ ጨረሰችው። ልትመልሰው ስትሄድ ግን መንገድ ላይ ዝናብ ያዛት፤ ቦርሳዋ ውኃ አስገባ፣ ሽፋኑ ተላቀቀ፣ የመጨረሻዎቹ ገጾችም እርስ በርስ ተጣበቁ። ልጅቷ መጽሐፉን አልደበቀችም፤ «ጠፋብኝ» ብላም አልዋሸችም፤ ራሷ ወስዳ ለቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ አስረከበች። በምላሹ ስሟ ከውሰት መዝገብ ተሰረዘ፤ «ተመሳሳዩን መጽሐፍ ገዝታ እስክትተካ» ተብሎም የመንፈቀ ዓመቱ የውጤት ካርዷ ተያዘ።

መጽሐፉ ግን ለሽያጭ አይገኝም። ከዓመታት በፊት ለትምህርት ቤቱ በስጦታ የገባ ነው፤ ዳግመኛም አልታተመም። ይህን ካረጋገጥሁ በኋላ ዋጋውን በገንዘብ ልክፈል ብዬ ጠየቅሁ፤ አስጠርዤ ላምጣው አልሁ፤ በምትኩ ሌላ አዲስ የተረት መጽሐፍ ልስጥ አልሁ። የተሰጠኝ መልስ «በመዝገቡ ላይ ያለው ርእስ እርሱ ስለሆነ ሌላ ርእስ ገቢ ማድረግ አይቻልም» የሚል ነበር። እንግዲህ አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ በገበያ የሌለ ዕቃ ገዝታ እንድታቀርብ ተፈርዶባታል ማለት ነው፤ ይህን ፍርድ የሰጡት ደግሞ እርሷን እንዲያስተምሩ ደመወዝ የሚከፈላቸው ሰዎች ናቸው።

በዚያው ዓመት፣ በዚያው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ የታችኛውን መደርደሪያ ምስጥ በላው። የተበላው ከአንድ መጽሐፍ እጅግ የበዛ ነው። ይሁንና የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ ተሰብስቦ ቃለ ጉባኤ ያዘ፤ መጻሕፍቱም ከአገልግሎት ውጭ ሆነዋል ተብለው ከመዝገብ ወጡ፤ ማንም ተተኪ እንዲያመጣ አልተጠየቀም። ምስጥ የሚያዝበት የውጤት ካርድ የለውም።

የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኛ ለመክሰስ አልተነሣሁም። እርሱ እያንዳንዱን መጽሐፍ ቆጥሮ፣ ፈርሞ የተረከበ ሰው ነው፤ በዓመቱ መጨረሻ በሚደረገው ቆጠራ የጎደለው ሁሉ ከደመወዙ እንደሚቆረጥ ተነግሮታል። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ ሰው ልጆች መደርደሪያውን እንዲነኩ ቢከለክል ምን ያስገርማል? ስለዚህም ተማሪዎቹ በመስኮት በኩል ቆመው የሚፈልጉትን ርእስ እንዲናገሩ ይጠየቃሉ። የሦስተኛ ክፍል ልጅ ግን የመጽሐፍ ርእስ ሸምድዶ አይመጣም። ልጅ መጽሐፍ የሚመርጠው ሽፋኑን አይቶ፣ ሥዕሎቹን አገላብጦ፣ ሁለት መስመር ሞክሮ ከከበደው መልሶ ሌላውን አንሥቶ ነው፤ የጓደኛውን እጅ አይቶ «ያንን እኔም ስጠኝ» ብሎ ነው፤ ወይም አንድ መምህር በክፍል ውስጥ ጮክ ብሎ እያነበበ ታሪኩ ሊፈታ ሲል አቁሞበት፣ ቀሪውን ለማወቅ ሮጦ ሄዶ ነው። ከነዚህ መንገዶች አንዱም በመስኮት በኩል አያልፍም። መስኮቱ ላይ ደርሶ ርእስ መጥራት ያቃተው ልጅ «ካላወቅህ ለምን መጣህ?» ተብሎ ሲመለስ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያ ልጅ ሁለተኛ የሚመጣ አይመስለኝም።

ሕንዳዊው የቤተ መጻሕፍት ሊቅ ራንጋናታን እ.ኤ.አ. በ1931 ካሳተማቸው አምስት የቤተ መጻሕፍት ሕጎች የመጀመሪያው መጽሐፍ ሊጠቀሙበት የተዘጋጀ ነገር መሆኑን የሚናገር ነው። ሕጉ ሲያዩት ግልጽ ስለሚመስል መጻፉ ራሱ ያስገርም ይሆናል፤ ነገር ግን በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ መጻሕፍት ከመደርደሪያቸው ጋር በሰንሰለት ይታሰሩ ነበር፤ በእንግሊዝ በሄርፎርድ ካቴድራል እንዲህ የታሰረ ቤተ መጻሕፍት እስከ ዛሬ ይጎበኛል። በዚያ ዘመን መጽሐፍ በእጅ የሚገለበጥ ውድ ነገር ስለነበረ ሰንሰለቱ ምክንያት ነበረው፤ ደግሞም አንባቢው ቆሞም ሆነ ተቀምጦ በስፍራው ከማንበብ አይከለክለውም ነበር። የእኛ ቁልፍ ያንን እንኳ አይፈቅድም።

ይህን የሚያጸናው የራስዎ ጽሕፈት ቤት የክትትል ቅጽ ነው። ሱፐርቫይዘሮችዎ ሲመጡ የሚይዙት ቅጽ የመጻሕፍቱን ብዛት፣ የወንበሮቹን ብዛት፣ የመደርደሪያዎቹን ብዛትና የክፍሉን ንጽሕና ይጠይቃል፤ ስንት ልጅ ስንት መጽሐፍ እንደተዋሰ የሚጠይቅ አንድ መስመር ግን የለውም። ባለፈው ክትትል ይኸው ቤተ መጻሕፍት «በጣም ጥሩ» የሚል ውጤት አግኝቶ ወረቀቱ በሩ ላይ ተለጥፏል። መጻሕፍቱ አዲስ ይመስላሉና የሚገርም አይደለም፤ ማን ነክቷቸው! በዚህ አቆጣጠር ፍጹም የሆነው ቤተ መጻሕፍት ማንም ልጅ የማይገባበት ነው፤ በንባብ ብዛት ጠርዙ የላላ መጽሐፍ ጉድለት ሲሆን፣ ተከፍቶ የማያውቀው ደግሞ በጥሩ ሁኔታ የተያዘ ንብረት ይባላል።

ደንቡን ላስተምርዎ አልሞክርም፤ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 17 የሕፃናት መጻሕፍት ዝግጅትና ሥርጭት እንዲበረታታ ይጠይቃል፤ በአንቀጽ 28 ደግሞ የትምህርት ቤት ሥነ ሥርዓት የልጁን ሰብአዊ ክብር በሚጠብቅ መንገድ እንዲፈጸም ያዝዛል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1999 ያጸደቀው የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ማኒፌስቶም አገልግሎቱ ለትምህርት ቤቱ ማኅበረሰብ አባላት ሁሉ በእኩልነት እንዲሰጥ ይላል። በስንት ስብሰባ ላይ እነዚህን ሰነዶች እንደጠቀሱ እርስዎ ያውቃሉ፤ የአንዲት ሕፃን ካርድ በመጽሐፍ መያዣነት መሳቢያ ውስጥ ሲቀመጥ ግን ከሰነዶቹ አንዱም ትዝ ያለው ሰው አልተገኘም።

ጉዳዩ የአንድ መጽሐፍ ነው ብለው እንዳያልፉት እጠይቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ2000 በተካሄደው ዓለም አቀፍ የተማሪዎች ምዘና፣ ወላጆቻቸው በዝቅተኛ የሥራ ደረጃ ላይ ያሉ ነገር ግን በንባብ እጅግ የሚተጉ የ15 ዓመት ተማሪዎች በአማካይ 540 ነጥብ ሲያገኙ፣ ወላጆቻቸው በከፍተኛ የሥራ ደረጃ ላይ ያሉ ነገር ግን ለንባብ ግድ የሌላቸው ተማሪዎች 491 አግኝተዋል። ከዚህ ተነሥቶ ንባብ ብቻውን ድህነትን ይሽራል ማለት እንደማይቻል አውቃለሁ፤ ቁጥሩ ሁለቱ አብረው መገኘታቸውን እንጂ የትኛው የትኛውን እንዳመጣ አይነግረንም። ይሁን እንጂ በቤቷ መጽሐፍ ለሌላት ልጅ የቀረላት በር የትኛው እንደሆነ ለመገመት ይበቃል። ጽሕፈት ቤትዎ በመመሪያው የዘጋው ያንን በር ነው። የእኔ ልጅ ከውሰት መዝገብ ብትሰረዝ ከቤት የምታነበው አታጣም፤ ስለዚህ ቅጣቱ በወረቀት ላይ ለሁሉም እኩል ቢመስልም የሚጎዳው ድሃውን ብቻ ነው።

«ንብረት ካልተጠበቀ ሁሉም ይጠፋል» የሚለውን መልስ ደጋግሜ ስለሰማሁት ለእርሱም መልስ አለኝ። የአሜሪካ የቤተ መጻሕፍት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 የገንዘብ ቅጣት በአንባቢዎች መካከል አድልዎ የሚፈጥር መሆኑን በውሳኔ አሳውቋል፤ በዚያው ዓመት የቺካጎ ከተማ ቤተ መጻሕፍት የመዘግየት ቅጣትን ሲያነሣ፣ ቅጣቱን ፈርተው ቤታቸው ያስቀሩት ሰዎች መጻሕፍቱን በብዛት መመለስ ጀመሩ። እርግጥ ነው፣ ለጠፋ መጽሐፍ እዚያም ዋጋ ይጠየቃል፤ እኔም ሆን ብሎ የሚሰርቅ ወይም የሚቀድ ሰው አይጠየቅ አላልሁም። ነገር ግን ያበላሸውን አምኖ ያመጣ ልጅ ሲቀጣ ያየ ሌላ ልጅ ምን ያደርጋል? የዚያ ክፍል ተማሪዎች መልሱን ሰጥተዋል፦ አንዳንዱ የተዋሰውን ሳይጨርስ በማግስቱ መለሰ፣ ሌላው ከነጭራሹ መዋስ ተወ፣ ወላጆችም «ዕዳ እንዳታመጡብን» እያሉ ማስጠንቀቅ ጀምረዋል። እርስዎ በንባብ ሳምንት በዓል ላይ በዚሁ ግቢ ተገኝተው ስለ ንባብ ባህል መቀዝቀዝ ረጅም ንግግር ሲያደርጉ፣ ከጀርባዎ የነበረው የቤተ መጻሕፍት በር ተቆልፎ ነበር፤ ሠራተኛው ለእንግዶች እይታ የተደረደሩትን መጻሕፍት እንዲጠብቅ ተመድቦ ነበርና።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በአገልግሎት ብዛት ያረጀና በአጋጣሚ የተበላሸ መጽሐፍ ያለ ማንም ዕዳ ከመዝገብ ይውጣ፤ ለምስጥ የተያዘው ቃለ ጉባኤ ለልጆችም ይያዝ። በክትትል ቅጽዎ ላይ የውሰት ብዛት የሚጠየቅበት አንድ መስመር ይጨመር። ልጆች መደርደሪያው ዘንድ ገብተው ይምረጡ። ከሁሉ አስቀድሞ ግን የዚያች ልጅ ካርድ ለእናቷ እንዲሰጥና ስሟ ወደ ውሰት መዝገቡ እንዲመለስ ለርእሰ መምህሩ በጽሑፍ ይዘዙ፤ በስልክ የሚሰጥ ትእዛዝ «አልደረሰንም» እንደሚባል ሁለታችንም እናውቃለን። ለአራተኛ ክፍል ምዝገባ ካርዱ ይጠየቃልና ትእዛዙ ምዝገባው ከመጀመሩ በፊት ይድረስ።

ከሰላምታ ጋር

የአንዲት የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ወላጅ

ግልባጭ፦ ቀደም ሲል የጻፍኋቸው ማመልከቻዎች ለተቀመጡበት መዝገብ ቤት