ለልጄ፣ ስለ ሴቶች ኮታ አንቀጽ

ውድ ልጄ፣

የምርጫ ሕጉን ማሻሻያ ከሚያረቅቁት አንዷ በመሆንሽ ኮርቻለሁ። «ከዕጩዎች 40 በመቶ ሴቶች ይሆናሉ» የሚለውን አንቀጽ አነበብኩት። በእሱ ብቻ እንዳትረኪ።

ኮስታ ሪካ እ.ኤ.አ. በ1996 ይህንኑ 40 በመቶ ደንግጋ ነበር። በ1998ቱ ምርጫ ግን ከ57 መቀመጫ ሴቶች ያገኙት 11 ብቻ ነው። እዚያ መራጩ የሚመርጠው የፓርቲ የዕጩዎች ዝርዝር ነው፤ ፓርቲው ያሸነፈው ወንበርም ከዝርዝሩ አናት ጀምሮ በተራ ይሞላል። የሴቶቹ ስም ከዝርዝሩ ግርጌ ሲጻፍ ሕጉ ዝም ብሏላ! አሥር ዕጩ ያቀረበ ፓርቲ አራቱን ሴቶች ከሰባተኛ እስከ አሥረኛ ደርድሮ አምስት ወንበር ቢያሸንፍ አንዷም አትገባም፤ ኮታው ግን ተሟልቷል። የአገሪቱ የምርጫ ፍርድ ቤት በ1999 ሴቶቹ ሊመረጡ በሚችሉበት ተራ ይቀመጡ ብሎ ወሰነ፤ በ2002 የገቡት 20 ሆኑ።

ስለዚህ ወንድና ሴት እየተፈራረቁ ይደርደሩ በሉ። ቱኒዚያ በ2011 ይህን ግዴታ አድርጋ ሳለ አብዛኛውን ዝርዝር የሚመራው ወንድ ነበር፤ በአንድ ምርጫ ክልል አንድ ወንበር ብቻ ያገኘ ፓርቲ የሚልከው ደግሞ አንደኛውን ነው። የዝርዝር መሪዎቹም እኩል በእኩል እንዲሆኑ ጻፉ።

አንድ የምርጫ ክልል አንድ ሰው ብቻ በሚመርጥበት ሥርዓት ተራ የሚባል ነገር የለም። እዚያ ፓርቲው ክልሎቹን ባለፈው ባገኘው ድምፅ ከጠንካራ ወደ ደካማ ደርድሮ ለሦስት ይክፈላቸው፤ ኮታው በእያንዳንዱ ሲሶ ለየብቻ ይቆጠር። አለዚያ ሴቶቹ የሚመደቡት ፓርቲው ተስፋ በቆረጠበት ክልል ነው።

ተጠባባቂ አባል ካለ፣ የሴት ተጠባባቂ ሴት ትሁን። ሜክሲኮ ውስጥ በ2009 የተመረጡ ሴቶች ወዲያው መቀመጫቸውን እየለቀቁ ለወንድ ተጠባባቂዎቻቸው አስረክበዋል።

ከሁሉ በላይ የምለምንሽ ቅጣቱን ነው። ፈረንሳይ በ2000 ባወጣችው ሕግ ኮታውን ያላሟላ ፓርቲ ከመንግሥት ድጎማው ይቀነስበታል። ትልልቆቹ ፓርቲዎች ገንዘቡን ማጣት መረጡ፤ በ2002 ከ577 ተመራጮች ሴቶች 71 ብቻ ነበሩ። ሀብታም ፓርቲ መቀጮን እንደ ተራ ወጪ ይቆጥረዋል። የምርጫ አስፈጻሚው አካል ያልተሟላውን ዝርዝር አልመዘግብም የማለት ሥልጣን ይኑረው፤ ለማረሚያም አጭር የጊዜ ገደብ ይቀመጥ።

የምክር ቤቱን የአሠራር ደንብም አብራችሁ ክፈቱ። የብሪታንያ የታችኛው ምክር ቤት እስከ 2019 ድረስ አራስ የሆነች አባል በሌላ አባል በኩል ድምፅ እንድትሰጥ አይፈቅድም ነበር። የእናንተው ደንብ ለአራስ አባል ምን እንደሚል፣ የበጀት ቋሚ ኮሚቴውን አባላትስ ማን እንደሚመድብ አይተሽ ጻፊልኝ።